ልጄ ሲቲዝን ናት ወይስ አይደለችም?

ይህ ገጽ ከአንባቢያን ለሚደርሱን የኢሚግሬሽን ጥያቄዎች መልስ የምሰጥበት ነው። የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ጉዲፈቻ ልጆች ሆነዋል። አስቤበት አይደለም፤ እንዲሁ ተገጣጠሙ። ለአዲስ አንባቢዎች፦ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። በአንድ የማኅበረሰብ ድርጅት ውስጥ የምሠራ፣ ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ያለኝ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ወኪል ነኝ። የፍርድ ቤት ሥራ ሲመጣ ወደ ጠበቃ እመራለሁ። ዛሬም አንዷን ልመራት ነው።

ጥያቄ

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እህቴ በ2007 ዓ.ም. አረፈች። የልጇ አባት ቀድሞ ነው የሞተው። ልጅቷ አያቷ ጋ ቀረች፤ እናቴ ደግሞ አቅም የላትም። እኔ ያኔ ከሥራ ፈቃድ ስላጣሁ ለወንድሜ ውክልና ላክሁለት። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የጉዲፈቻ ውሉን አጸደቀልን። ልጄ እዚህ የገባችው በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። የተወለደችው ሐምሌ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ አሁን 16 ዓመቷ ነው።

«እኔ ሲቲዝን ስለሆንኩ እሷም እንደገባች ሲቲዝን ናት ተብዬ ነበር። እኔም በዚያው ረጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ቅርብ ጊዜ ፖስታ ቤት ሄጄ ፓስፖርት አመለከትኩላት። መልሱ ደብዳቤ ሆኖ መጣ፤ ሙሉና የመጨረሻ የጉዲፈቻ ውሳኔ አምጪ ይላል። የአዲስ አበባውን ውሳኔ ከነትርጉሙ ልኬ የለም እንዴ? ግሪን ካርዷ ላይ አይአር-4 ይላል። ቤተ ክርስቲያን ያማከርኳቸው አንዳንዶቹ 18 ይሙላትና ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ትሙላ ይሉኛል። ሌሎቹ ጠበቃ ያዢ ይላሉ። እሷ ደግሞ መኪና መንዳት ልትማር ነው፣ ኤምቪኤ (መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ሄደን ፐርሚት እናውጣ ብላ ይዛኛለች። ምን ይሻለኛል?»

ግራ የገባት እናት

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ተረጋጊ። ጊዜ አለሽ። ግን ብዙ አይደለም።

የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፤ አንቺ ግን አንድ አድርገሽ ይዘሽዋል። አንደኛው ልጅሽ ዜጋ ናት ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው ዜግነቷን የሚያሳይ ወረቀት እንዴት ይወጣል የሚለው ነው። ወደኔ የሚመጣው ሰው አብዛኛው የሚቸገረው በሁለተኛው ነው። ያንቺ ግን ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንደሚመስለኝ ልጅሽ እስካሁን ሲቲዝን አይደለችም። ፓስፖርት ቢሮው ሊያጉላላሽ ብሎ አይደለም፤ የጠየቀሽ ተገቢውን ነው።

ሕጉ ቻይልድ ሲቲዝንሺፕ አክት ይባላል። በ2000 ወጥቶ ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ጀምሮ ይሠራል። ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ፣ ልጁ በቋሚ ነዋሪነት ከገባ፣ በዚያ ወላጅ ሕጋዊ አሳዳጊነት ሥር አብሮት አሜሪካ ውስጥ ከኖረ፣ ይህም ሁሉ 18 ዓመት ሳይሞላው ከተሟላ፣ በዚያው ቀን ዜጋ ይሆናል። ማመልከቻ የለም። ፈተና የለም። ለጉዲፈቻ ልጅ ግን አንድ ነገር ይጨመራል፤ ጉዲፈቻው በአሜሪካ ሕግ ዓይን ያለቀለት መሆን አለበት። የልጅሽ ጉዳይ የተንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው።

የአዲስ አበባው ውሳኔ እንከን ኖሮት አይደለም። ችግሩ አንቺ በውክልና መጨረስሽ ነው። ጉዲፈቻው ሲጸድቅ ልጅቷን በአካል አላየሻትም፤ ስለዚህ ቆንስላው አይአር-4 ሰጣት። አይአር-3 ማለት ጉዲፈቻው እዚያው አልቋል፣ ወላጅም ልጁን አይቷል ማለት ነው። አይአር-4 ማለት ደግሞ ልጁ ይግባ፣ የቀረውን አሜሪካ ፍርድ ቤት ጨርሱ ማለት ነው። የአይአር-3 ልጅ የኤርፖርቱን የኢሚግሬሽን መስኮት እንዳለፈ ዜጋ ነው። የአይአር-4 ልጅ ግሪን ካርድ በፖስታ ይላክለታል። ካርዱ ራሱ ሥራው እንዳላለቀ ይናገራል፤ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳም። «እንደገባች ሲቲዝን ናት» ያለሽ ሰውም ስለ አይአር-3 የሰማውን ይሆናል ለሁሉም ያደለው።

«እንደሚመስለኝ» ያልኩበት ምክንያት አለኝ። አንዳንድ ስቴቶች የውጭ አገር ጉዲፈቻን እንዳለ ተቀብለው እንደራሳቸው ፍርድ ይቆጥሩታል። ያ ከሆነ ድጋሚ ፍርድ ቤት መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። ይህን የጉዲፈቻ ጠበቃ ይይልሽ። እኔ ብሆን ግን በዚህ ክርክር ጊዜ አላባክንም። ድጋሚ አስጸድቄ የሜሪላንድ ዳኛ የፈረመበትን ወረቀት እይዛለሁ። የአዲስ አበባ ማኅተም ያለበትን ወረቀት እያገላበጠ ሱፐርቫይዘሩን ለሚጠራ ሠራተኛ ከማስረዳት ይሻላል።

በሜሪላንድ ጉዲፈቻ የሚታየው በሰርኪዩት ኮርት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ስለሆነ የናንተው ሮክቪል ነው። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ በጉዲፈቻው መስማማት ስላለበት ልጅሽም ትጠየቃለች። ቀድመሽ ንገሪያት። ዘጠኝ ዓመት እናቴ ስትልሽ የኖረች ልጅ ድንገት «ይህች ሴት በጉዲፈቻ እንድትወስድሽ ትስማሚያለሽ?» የሚል ወረቀት ሲቀርብላት ትደነግጣለች። እስካሁን የኔ አልነበርሽም ለማለት ሳይሆን ወረቀት ለማሟላት መሆኑን ካንቺ ትስማ።

ጠበቃ ስትፈልጊ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አይደለም የምትፈልጊው። የቤተሰብ ጉዳይ፣ በተለይም የጉዲፈቻ ጠበቃ ነው። ስትደውዪ «ድጋሚ ጉዲፈቻ፣ አይአር-4፣ ልጅቷ 18 የምትሞላው ጁላይ 19 ቀን 2027» ብለሽ ጀምሪ። ጠበቃው ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ቀኑን ሲሰማ መቸኮል ይጀምራል። ካልቸኮለ ሌላ ፈልጊ።

አሁን ወደ አሮጌው ፋይል እንሂድ። ሁላችንም ቤት አንድ አለ፤ ሻንጣ ውስጥ ወይም ቁም ሳጥን ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ዋናውን፣ የልደት ሰርተፊኬቷን፣ የእህትሽንና የልጅቷን አባት የሞት ማስረጃ፣ ቪዛው የተለጠፈበትን የኢትዮጵያ ፓስፖርቷን፣ ግሪን ካርዷንና ያንቺን የዜግነት ሰርተፊኬት አውጪ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ሦስት ነገር ብቻ አስተያዪ፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ የወላጅ ስም።

የልደት ቀኑን ሁለቴ እዪው። ሐምሌ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ጁላይ 19 ቀን 2009 ነው። ተርጓሚው ዓመቱን ሳይለውጥ 2001 ብሎ ያለፈባቸው ወረቀቶች እጄ ገብተው ያውቃሉ። ልጅቷ በወረቀት ስምንት ዓመት አረጀች ማለት ነው። የ16 ዓመት ልጅ የ24 ትሆናለች፤ ሕጉ ደግሞ በ18 ይዘጋል። ሐምሌ አሥራ አንደኛ ወር ነው ብለው 11/12 የሚጽፉም አሉ። እሱ እዚህ አገር ኖቬምበር 12 ተብሎ ይነበባል። እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሽ ፍርድ ቤት ከመግባትሽ በፊት ትርጉሙን አሳርሚ። የተሳሳተው ቀን አንዴ በዳኛ ፊርማ ከጸና፣ እሱን ማስለወጥ ሌላ ክስ መክፈት ነው።

ስሙ ላይ ደግሞ የኛ አገር አጻጻፍ አለ። ልጅቷ በስሟና በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፤ አንቺ ደግሞ በአባትሽ። ፈረንጅ ሁለታችሁን አይቶ ዝምድናችሁን አያገኘውም። አንዱ ወረቀት ስሟን በ‹ኬ› ሲጽፈው ሌላው በ‹ኪው› ይጽፈዋል። የአያት ስም አንዱ ላይ ይኖራል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል። ድጋሚ ጉዲፈቻው አንድ በጎ ነገር አለው፤ በአብዛኛው ስም በዚያው ውሳኔ ላይ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ የሚወጡት ወረቀቶች ሁሉ ያንን ይከተላሉ። ያንቺን ስም ትያዝ ወይስ የአባቷን ይዛ ትቀጥል? እሷን ጠይቂያት። እናቶች የራሳቸውን ስም ሊሰጡ ቸኩለው፣ ልጆቹ «የአባቴ ስም ይቅር ማለት ነው?» ብለው ሲከፋቸው አይቻለሁ። ሕጉ አንድ ዓይነት ስም ይኑራችሁ አይልም። የሚፈልገው ወረቀቶቹ እርስ በርስ እንዲስማሙ ነው።

ትርጉሙን በተመለከተ፣ ዩኤስሲአይኤስ (የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ) የሚፈልገው ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን ጽፎ እንዲፈርም ነው። ኖተሪ ግዴታ አይደለም። ፓስፖርት ቢሮው ግን የተርጓሚውን ደብዳቤ ኖተራይዝድ ሆኖ ይፈልገዋል። ስለዚህ አንዴውኑ ኖተራይዝድ አስደርጊውና ለሁለቱም ይሁንሽ። ራስሽ አትተርጉሚው፤ ባለጉዳይ ነሽ።

አሁን ወደ ኤምቪኤ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፤ አንቺ እንደዋዛ ነው የጻፍሽው። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ በ15 ዓመት ከ9 ወሩ ለርነርስ ፐርሚት ማውጣት ይችላል፤ ግሪን ካርድ ይበቃዋል። በዚህ በኩል ችግር የለም። ችግሩ እዚያው መስኮት ላይ ለመራጭነት ምዝገባ መጠየቋ ነው። ሜሪላንድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ለመራጭነት መመዝገብ ትፈቅዳለች፤ የምትመዘግበው ግን ዜጋን ብቻ ነው። ልጅሽ እድሜዋን ሁሉ ሲቲዝን ነሽ እየተባለች አድጋለች፤ ስክሪኑ ሲጠይቃት «አዎ» ብላ ልትጫን ትችላለች። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት በኢሚግሬሽን ሕግ ትልቅ ጥፋት ነው። ለልጆች የተተወ ጠባብ ማምለጫ አለ፤ እሱን ተማምኖ ግን አይኬድም። የፍርድ ቤቱ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ቅጽ ላይ ቋሚ ነዋሪ ነኝ ትበል። ለመራጭነትም አትመዝገብ። አብረሻት ግቢ፤ ስትሞላ ከጎኗ ቁሚ። ትማረርብሽ፣ ምንም አይደል።

የ18 ዓመቱንና የኤን-400ውን ምክር የሰጡሽ ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ልጅሽ 18 ብትሞላና ፍርድ ቤቱ ባይደርስላት እንኳ ግሪን ካርዷ አይነጠቅም። በራሷ ኤን-400 ማመልከት ትችላለች። ግን በነፃ የሚገኘውን ነገር ለምን ወደ ፈተና ይለውጡታል? ኤን-400 ይህን ስጽፍ በወረቀት 760 ዶላር ነው። ቃለ መጠይቅ አለው፣ የታሪክ ፈተና አለው፣ ጠባይዋም ይመረመራል። እስኪያልቅም ድረስ ከአገር ሊባረር የሚችል ሰው ናት። ይህን የምለው ላስፈራራሽ አይደለም። ቻይልድ ሲቲዝንሺፕ አክት በሥራ ላይ በዋለበት ቀን 18 ዓመት ያለፋቸውን የጉዲፈቻ ልጆች አላካተተም። ከነዚያ ውስጥ በሕፃንነታቸው መጥተው፣ አሜሪካ አድገው፣ ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ወደማያውቋት ደቡብ ኮሪያ የተባረሩ አሉ። እነሱን የሚያካትት ረቂቅ ሕግ ኮንግረስ ፊት በተደጋጋሚ ቀርቦ እስካሁን አልጸደቀም።

የኛ ልጆች ጉዳይ ደግሞ በብዛት አሁን ነው የሚደርሰው። በ2010 እንደ ፈረንጆቹ ብቻ ከ2,000 በላይ ልጆች ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ መጥተዋል። በ2010 ዓ.ም.፣ ማለትም በ2018 መጀመሪያ፣ የኢትዮጵያ ፓርላማ የውጭ ዜጎችን ጉዲፈቻ ዘጋ። ያኔ በእቅፍ የመጡት አሁን ሃይስኩል ናቸው። በናንተ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አይአር-4 የሚል ካርድ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሌላ ቤተሰብ አይጠፋም። እስኪ ጠይቂ።

ዳኛው ከፈረመ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ስለቆየ፣ ልጅሽ ውሳኔው በተሰጠበት ቀን ዜጋ ትሆናለች። ከፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበትን የውሳኔ ኮፒ ከአንድ በላይ ውሰጂ። ከዚያ ተመልሰሽ ፖስታ ቤት፤ ዲኤስ-11 ፎርም፣ ለ16 ዓመትና ከዚያ በላይ 130 ዶላር፣ ለመቀበያው ደግሞ 35 ዶላር። ፓስፖርቱ ለ10 ዓመት ያገለግላል። ዋና ወረቀቶችሽን ይወስዳሉ፤ ይመልሳሉም፣ ብዙ ጊዜ ከፓስፖርቱ በተለየ ፖስታ። ፓስፖርቱ መጥቶ ሰነዶቹ ሲዘገዩ እንዳትደነግጪ።

ፓስፖርት ከያዘች የዜግነት ሰርተፊኬቱ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። እኔ ሁለቱንም አውጡ ባይ ነኝ። ፓስፖርት ጊዜው ያልፋል፣ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። የዜግነት ሰርተፊኬት ጊዜው አያልፍም። በዚያ ላይ ፓስፖርት የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ሌላ፣ ኢሚግሬሽን ሌላ ነው። ሰርተፊኬቱ ካልወጣ ዩኤስሲአይኤስ መዝገብ ላይ ልጅሽ ግሪን ካርድ እንደያዘች ትኖራለች። ፎርሙ ኤን-600 ነው። ለሌላው ሰው በወረቀት 1,385 ዶላር ሲሆን፣ እንደ ልጅሽ ላለ የጉዲፈቻ ልጅ ግን ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ክፍያ የለውም። ዜሮ። ይህን በደማቁ አስምሪበት። የመንግሥት ክፍያ ነው እያሉ ሺህ ምናምን ዶላር የሚቀበሉ ፎርም ሞይዎች በመካከላችን አሉ። ዩኤስሲአይኤስ ድረ ገጽ ላይ የክፍያ ሠንጠረዡን ራስሽ አይተሽ ላኪ፤ ክፍያ ይለዋወጣል። 14 ዓመት ስላለፋት ሰርተፊኬቱን ስትቀበል ቃለ መሐላ ትፈጽማለች። የአክስት ልጆችን ሰብስባችሁ ሂዱ፣ ያምራል።

በመጨረሻ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ። ይህን ሁሉም ሰው ይረሳዋል። ስትመጣ በወጣላት ቁጥር ላይ ዜጋ እንዳልሆነች ነው የተመዘገበው፤ በራሱ ደግሞ አይታረምም። ኮሌጅ ስትገባ ፋፍሳ (የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻው) ሲሞላ ዜግነቷን የሚያጣራው ከዚያ መዝገብ ጋር ነው። ሳይታረም ከቀረ የትምህርት ገንዘቧ ይያዛል። ፓስፖርቱን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳርሙ። ካርዱን ማስቀየር በነፃ ነው።

ጥያቄ

«ዳላስ፣ ቴክሳስ የምኖር አባት ነኝ። በ2011 እንደ ፈረንጆቹ እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ሄደን ወንድ ልጅ በጉዲፈቻ ወሰድን። ሁለታችንም ያኔ ሲቲዝን ነበርን። ቪዛው አይአር-3 ይላል። እንደመጣን ቤት ቀየርን፤ በፖስታ ምንም የደረሰን ነገር የለም። ግሪን ካርድም የለውም። አሁን 18 ዓመት አልፎት ሥራ ሊቀጠር ነው። አንድ ሰው ግሪን ካርድ አሳድሼ ኤን-400 እሞላለታለሁ ብሎ 900 ዶላር ጠየቀኝ። ይሁን ልበል?»

መልስ

አባቴ፣ ገንዘብዎን ኪስዎ ያቆዩት። ልጅዎ ከ2011 ጀምሮ ሲቲዝን ነው። ግሪን ካርድ ያልመጣለትም ለዚህ ነው፤ ለአይአር-3 ልጅ የሚላከው ካርድ ሳይሆን የዜግነት ሰርተፊኬት ነው። የናንተው ወደ ድሮ አድራሻችሁ ሄዶ የቀረ ይመስለኛል። ዜጋ የሆነ ሰው ኤን-400 ቢሞላ ዜጋ ነህ ተብሎ ውድቅ ይደረግበታል፤ ገንዘቡም አይመለስም። የሌለ ግሪን ካርድ ማሳደስ ደግሞ ምን እንደሆነ ያ ሰውዬ ያስረዳዎት።

ለሥራው የሚቀድመው ፓስፖርት ነው። ቀጣሪ ፊት ፓስፖርት ብቻውን ይበቃል። ልጁ ራሱ ነው የሚያመለክተው፤ የጉዲፈቻውን ውሳኔ ከነትርጉሙ፣ ቪዛውና የመግቢያው ማኅተም ያለበትን የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ ከሁለታችሁ የአንዳችሁን የዜግነት ሰርተፊኬት፣ እንዲሁም ከእናንተ ጋር መኖሩን የሚያሳይ የትምህርት ቤት ወረቀት ይያዝ። ስለ ሰርተፊኬቱ ደግሞ ዩኤስሲአይኤስን በስልክ ይጠይቁ። ታትሞ ተልኮ ከነበረ መተኪያው ኤን-565 ነው፤ በወረቀት 555 ዶላር። ጭራሽ ያልታተመ ከሆነ ኤን-600 ይሞላል፤ ያ ለሱም ነፃ ነው። 18 አልፎታል ብለው አይስጉ። ዜግነቱን ያገኘው ልጅ ሳለ ስለሆነ በማንኛውም እድሜ ማመልከት ይችላል፤ አሁን ግን የሚፈርመው እሱ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ሲደርሰዎ ደግሞ አደራ፣ ላሚኔት አታስደርጉት። የኛ ሰው ወረቀት ሲወድ በፕላስቲክ ያሽገዋል።

ጥያቄ

«በአምስት ዓመቴ በጉዲፈቻ ወደ ሚኒሶታ መጣሁ። አሁን 24 ዓመቴ ነው፤ አማርኛ እየተማርኩ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። ኢትዮጵያ ሄጄ የወለዱኝን ቤተሰቦች መፈለግ እፈልጋለሁ። አሁንም ኢትዮጵያዊት ነኝ? የኢትዮጵያ ፓስፖርት ማውጣት እችላለሁ?» (የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው፤ መጨረሻው ላይ «እናመሰግናለን» ብላ በአማርኛ ፈርማለች።)

መልስ

እኛም እናመሰግናለን፣ ልጄ። የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 378/1996፣ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በአሜሪካ ፓስፖርት ስለምትጠቀሚ አዲስ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አትጠይቂ። ላንቺ የሚሆነው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ነው፤ ሰው ቢጫ ካርድ ይለዋል። ሕጉ ቀድሞ የኢትዮጵያ ዜጋ የነበረን ሰው ይጨምራል፤ አንቺ ደግሞ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የወጣሽው። ካርዱ ካለሽ ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፤ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ትችያለሽ። መምረጥና መመረጥ ግን አትችይም። ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲ በኩል አመልክቺ፤ አሮጌው ፓስፖርትሽ ዋናው ማስረጃሽ ነው።

ፍለጋውን በተመለከተ፣ አሳዳጊዎችሽ ዘንድ ያለውን የጉዲፈቻ ውሳኔ ገልጠሽ እዪ። ከላይ የመዝገብ ቁጥር አለው። የአዲስ አበባው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሆነ ፋይሉን በዚያ ቁጥር ነው የሚፈልጉልሽ። በውሳኔው ላይ ያልተጻፈ ነገር ከፋይሉ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ፈቃዱን የሰጠው ዘመድ ስም፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ አንዳንዴም ፎቶ። ወላጆችሽን ስለ ኤጀንሲው ወረቀትም ጠይቂያቸው፤ ብዙዎቹ እንዳለ አስቀምጠውታል። አዲስ አበባ ስትሄጂ አማርኛ አቀላጥፎ የሚያወራ ሰው አብሮሽ ይሁን፣ ዋና ሰነዶችሽንም ያዢ። ኮፒ ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ «ነገ ነይ» ትባያለሽ።